ወንድሜ «አላምንም» አለኝ፣ መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ላነሳቸው ጥያቄዎች መልስ ያላችሁ እርዱኝ

የሰኔ ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ታናሽ ወንድሜ ዩኒቨርሲቲ ነው፣ ኢንጂነሪንግ ሦስተኛ ዓመት። ሰንበት ትምህርት ቤት ያደገ ልጅ ነው፣ መዝሙር ሁሉ ያወጣ ነበር። አሁን ግን እግዚአብሔር መኖሩን አላምንም ብሎ ቁርጥ አድርጎ ነገረኝ። እማዬ እስካሁን የምታውቀው መጾም መተዉን ብቻ ነው፣ እሱንም ጨጓራው አሞት መስሏታል። ዝም ብዬ ጸልይ ልለው አልፈልግም ምክንያቱም የሚጠይቀው የእውነት ጥያቄ ነው እኔም መልስ የለኝም።

ያለኝ ባጭሩ ይሄ ነው። የማርቆስ ወንጌል መጨረሻ፣ ምዕራፍ 16 ከቁጥር 9 ጀምሮ ያለው፣ በጥንቶቹ የግሪክ ቅጂዎች ላይ የለም፣ በዝሙት የተያዘችው ሴት ታሪክም (ዮሐንስ 8) እንደዛው፣ ስለዚ ሰው የጨመረው ነው ይላል። ዳዊት ህዝቡን እንዲቆጥር ያነሳሳው 2ኛ ሳሙኤል 24 ላይ እግዚአብሔር ነው፣ 1ኛ ዜና መዋዕል 21 ላይ ደሞ ሰይጣን ነው። መጽሐፍ ቅዱስ የኛ የኦርቶዶክሶቹ 81 መጻሕፍት ነው፣ የካቶሊክ 73፣ የፕሮቴስታንት 66፣ ታዲያ የእግዚአብሔር ቃል የትኛው ነው? መጨረሻ ላይ 1ኛ ሳሙኤል 15፥3ን ከፍቶ አነበበልኝና ጡት የሚጠባ ህፃን ሳይቀር ግደሉ የሚል አምላክ ነው አንቺ ምታመልኪው አለኝ። እሱ ላይ አፌ ተያዘ።

ቲክቶክ ላይቭ ላይ ያለውን ክርክር አይቻለሁ፣ አብዛኛው ስድብ ነው። እባካችሁ እዚህ እንደዛ አታድርጉት። አማኝም ሁኑ የማታምኑ የምታውቁትን ንገሩኝ።

አብነት ተማሪ፦

እህቴ ጥያቄዎቹን በቁም ነገር መያዝሽ ደስ ይላል። ስለ ማርቆስ ወንድምሽ ያለው ልክ ነው። ሲናይቲከስና ቫቲካነስ የሚባሉት በ4ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፉት የግሪክ ብራናዎች ቁጥር 8 ላይ ነው የሚያበቁት፣ ሴቶቹ ፈርተው ከመቃብሩ ሸሹ፣ ለማንም አልተናገሩም፣ አለቀ። የዮሐንስ 8 ታሪክም በነዚሁ ቅጂዎች ላይ የለም። ግን ይሄ ትናንት ዩቲዩብ ላይ የተገለጠ ምስጢር አይደለም። የቂሳርያው አውሳብዮስ እዛው 4ኛው ክፍለ ዘመን ላይ ትክክለኛ የሚባሉት ቅጂዎች እዛ ጋ እንደሚያቆሙ ጽፏል፣ ሄሮኒሞስም አንስቶታል። ከ1600 ዓመት በፊት የነበሩ አባቶች እያወቁት ነው ያመኑት፣ ዛሬም የዘመኑ ትርጉሞች ግርጌ ላይ ይጽፉታል።

እንዴት እንደሚሆን የገዳም ብራና ቀርቦ ያየ ሰው ይገባዋል። ጸሐፊው ቆዳ ፍቆ ቀለም በጥብጦ ወራት ቁጭ ብሎ ነው ሚገለብጠው። በመስመሮቹ መሀል በደቃቅ ፊደል የገባ ቃል ታያለሽ፣ ዘሎት ኋላ ያስገባው ነው። ተፍቆ እንደገና የተጻፈበት ቦታ አለ፣ ብርሃን ላይ ስትይዢው የድሮው ቀለም ጥላው ይታያል። ህዳግ ላይ መምህሩ የጻፈውን ማብራሪያ ደግሞ ቀጥሎ የሚገለብጠው ሰው የንባቡ አካል መስሎት ወደ ውስጥ ያስገባዋል። ልዩነቱ ሊታወቅ የቻለው ራሱ ብዙ ቅጂ ስላለ ነው፣ አንድ ብቻ ተርፎ ቢሆን ኖሮ ማንም ሰው ልዩነት አያገኝም ነበር።

የመጻሕፍቱ ቁጥር ላይ፣ አራቱ ወንጌላትና የጳውሎስ መልእክታት ላይ ሁሉም አንድ ነው፣ የልዩነቱ ዋናው ብሉይ ላይ ነው። መጽሐፈ ሄኖክን ውሰጂው። ሙሉው ተጠብቆ የተገኘው በግዕዝ ብቻ ነው፣ ከ1947 እ.ኤ.አ ጀምሮ ግን ሙት ባህር አጠገብ ቁምራን ዋሻዎች ውስጥ በአራማይክ የተጻፉ ቁርጥራጮቹ ወጡ፣ ስለዚህ ከክርስቶስ ልደት በፊት ሲነበብ እንደነበር ይታወቃል። የይሁዳ መልእክት ቁጥር 14 እና 15 በስም ጠቅሶታል። ሌሎቹ ተዉት እኛ አቆየነው። ይሄ ለማያምን ሰው እግዚአብሔር መኖሩን አያረጋግጥም፣ ግን አንድ ሰው ተነስቶ እንደፈለገ የፈጠረው ነው ሚለውን ይመልሳል።

የዳዊት ቆጠራ ላይ አባቶች እግዚአብሔር ተቆጥቶ ለቀቀው፣ ሰይጣን አነሳሳው ብለው ነው የሚያስታርቁት። መጻሕፍት ቤት የገባ ተማሪ መምህሩ አንዱን ንባብ አንድም እያሉ ሦስት አራት ቦታ ሲያወጡት እየሰማ ነው የሚያድገው፣ ስለዚህ እንዲህ ያለ ነገር ብዙም አያስደነግጠውም። ወንድምሽ ባነበበልሽ በ1ኛ ሳሙኤል 15፥3፣ ግደሉ በተባሉት በአማሌቅ ሕዝብ ላይ ግን አሁን በችኮላ ምንም ማለት አልፈልግም።

ሀሳብ ብቻ፦

እኔ አላምንም። ጠያቂዋ ስድብ አይሁን ስላለች ነው የምጽፈው።

አብነት ተማሪ ስለ ቅጂዎቹ ያለው ፌር ነው። እኛ የማናምነውም ላይቭ ላይ የቅጂ ልዩነት እየቆጠርን ብዙ ሰዓት እናጠፋለን፣ ግን እያንዳንዱ ፊደል ከመጀመሪያው ጽሁፍ ጋር ልክ ቢሆን እንኳ የሞተ ሰው መነሳቱን አያረጋግጥልኝም፣ መቶ ቦታ ቢሳሳትም ፈጣሪ አለመኖሩን አያሳይም። ሁለቱ የተለያየ ጥያቄ ነው።

እኔን ያስወጣኝ ወንድምሽ መጨረሻ ላይ ያነበበልሽ ነው። በዛ ላይ ዘጸአት 21፥20-21ን ጨምሪበት፣ ጌታው ባሪያውን በበትር መትቶ ባሪያው አንድ ሁለት ቀን ቆይቶ ቢሞት አይቀጣም፣ ገንዘቡ ነውና ይላል። በኛ ሀገር ባርነትን ሙሉ በሙሉ የከለከለው አዋጅ የወጣው በ1934 ዓ.ም ነው፣ ጥንት አይደለም፣ የአያቶቻችን ዕድሜ ነው። ባሪያ ያሳደሩት ሰዎች ይጾሙ ይጸልዩ ነበር፣ ዳዊት ይደግሙ ነበር፣ መጽሐፉም አላስቆማቸውም። ለኔ ይሄ ከማርቆስ 16 በጣም ይከብዳል።

ሌላው፣ ወንድምሽ ለናታችሁ ለመናገር ባይቸኩል ጥሩ ነው። እዚህ ሀገር እምነት መተው ሀሳብ መቀየር ብቻ አይደለም፣ ሰንበቴው ማህበሩ ክርስትናው ሰርጉ ሁሉ እዛ ጋ የታሰረ ነው፣ እናት ደግሞ መጀመሪያ የምታስበው ልጄ ቢሞት ማን ይፈታዋል የት ይቀበራል ነው። እኔ ከተውኩ ቆይቻለሁ፣ ቤተሰቤ ውስጥ የሚያውቀው አንድ ሰው ነው።

ጡረታ የወጣሁ መምህር፦

ልጆቼ አነጋገራችሁ ደስ ብሎኛል። ሁለት ነገር ልበል።

አንደኛ፣ ወጣቶች ፈላስፋውን ዘርዓ ያዕቆብን ኢትዮጵያዊ ኤቲስት (ፈጣሪ የለም የሚል) አድርገው ሲጠቅሱት እሰማለሁ፣ ወንድምሽም ሊያነሳው ይችላል። ሐተታ የሚባለውን መጽሐፉን ያነበበ ሰው እንደዛ አይልም። ጾሙን፣ ምንኩስናውን፣ የሃይማኖቶቹን ጠብ በአእምሮው ይመረምራል፣ ፈጣሪን ግን አይክድም፣ ዋሻ ውስጥ ሆኖ ዳዊት እየደገመ ነው የሚጸልየው። በዛ ላይ ማን ጻፈው የሚለው ራሱ አከራካሪ ነው። ብራናው አውሮፓ የደረሰው በ19ኛው ክፍለ ዘመን በጣሊያናዊው ሚስዮናዊ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ በኩል ነው፣ በ1920 እ.ኤ.አ ኮንቲ ሮሲኒ የተባለው ሊቅ ራሱ ሚስዮናዊው ነው የጻፈው አለ፣ ክላውድ ሰምነር ደግሞ አዲስ አበባ ላይ ዕድሜውን ሙሉ የኢትዮጵያዊ ነው ብሎ ተሟገተ። ለአማኝም ለማያምንም መከራከሪያ ሲደረግ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

ሁለተኛ፣ እናታችሁ አላምንም የሚለውን ቃል እንዴት እንደምትሰማው እወቁ። በደርግ ጊዜ በየመስሪያ ቤቱ የውይይት ክበብ ነበር፣ ቁስ አካል ይቀድማል እያልን በግድ እናጠና ነበር። ፓትርያርኩ አቡነ ቴዎፍሎስ በ1968 ዓ.ም ታስረው በ1971 ተገደሉ፣ የመካነ ኢየሱሱ ቄስ ጉዲና ቱምሳም በዚያው በ1971 ተገደሉ፣ የጴንጤዎች ጸሎት ቤቶች ታሸጉ። በኛ ዕድሜ ያለ ሰው «እግዚአብሔር የለም» ሲባል ፍልስፍና አይደለም ትዝ የሚለው፣ ቀበሌና ጠመንጃ ነው። ወንድምሽ እሱን አይደለም የሚለው፣ ማንንም አላሰረም። ግን ስትሰማ የምትደነግጠው ለዚህ ጭምር ነው። ያኔ በግድ ካዱ ሲባል ሰው ልቡን ደብቆ ኖረ፣ ዛሬ ደግሞ ሀሳብ ብቻ እንዳለው የማያምነው ልጅ ልቡን ደብቆ ይኖራል፣ ይሄም አያስደስተኝም፣ እኔ አማኝ ነኝ።

ቤርያ 17፦

ሰላም ቅዱሳን፣ እህቴ እኔ ፕሮቴስታንት ነኝ፣ አማሌቅ ላይ የማውቀውን ልበል። በዛን ጊዜ ነገሥታት ስለ ጦርነት ሲናገሩ ሁሉንም ጨረስን ማለት ልማዳቸው ነበር። የሞዓብ ንጉሥ ሞሳ (2ኛ ነገሥት 3 ላይ አለ) ያስቀረጸው ድንጋይ በ1868 እ.ኤ.አ ዛሬ ጆርዳን በሚባለው ሀገር ተገኝቶ አሁን ፓሪስ ሉቭር ሙዚየም ነው ያለው፣ እዛ ላይ እስራኤል ለዘላለም ጠፋ ይላል፣ እስራኤል ግን አልጠፋም። አማሌቅም 1ኛ ሳሙኤል 15 ላይ አለቀ ተብሎ ምዕራፍ 27 እና 30 ላይ እንደገና አሉ፣ እንደውም ጺቅላግን በእሳት አቃጠሉ፣ 1ኛ ዜና 4፥43 ላይም ቀሪዎቹ ይጠቀሳሉ። ስለዚህ አነጋገሩን እንደ ዘመኑ የጦርነት ቋንቋ ማንበብ ይቻላል። የእስክንድርያው ኦሪጀን ደግሞ በ3ኛው ክፍለ ዘመን እንዲህ ያሉ ጦርነቶችን በነፍስ ውስጥ ከኃጢአት ጋር እንደሚደረግ ውጊያ አድርጎ ነው ያነበባቸው። እኔ የእግዚአብሔርን ባህርይ የምለካው ጠላቶቻችሁን ውደዱ ባለው በክርስቶስ ነው፣ ከሱ ጋር የማይሄደውን ንባብ ገና አልገባኝም ብዬ እይዘዋለሁ።

ሀሳብ ብቻ፦

ቤርያ መልስህን አክብሬ ነው፣ ግን ምዕራፍ 15ን እስከ መጨረሻው አንብበው። ሳኦል ንጉሡን አጋግንና ያማሩትን ከብቶች ስላስቀረ ነው መንግሥቱን ያጣው። ሳሙኤል ለሊቱን ሙሉ ጮኸ ይላል፣ ከዛ አጋግን በገዛ እጁ ቆራረጠው። ግደሉ የተባለው የአነጋገር ልማድ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሳኦል ባስቀረው ለምን ይጠየቃል? የሞሳ ድንጋይም እኮ ናባው የሚባለውን ከተማ ይዤ ወንዱንም ሴቱንም ገደልኩ፣ ለአምላኬ ለካሞሽ ለየኋቸው ይላል። ጎረቤቱ ሁሉ ስለ አምላኩ እንደዛ ያወራ ነበር ማለት ነው፣ እስራኤልም እንደዛው። እኔ መጽሐፉ የዘመኑ ሰዎች መጽሐፍ ነው የምለው ለዚህ ነው። እና በክርስቶስ እለካዋለሁ ስትል የትኛው ጥቅስ ክፉ እንደሚመስል የነገረህ መጀመሪያ ህሊናህ ነው፣ እኔም የምጠቀመው እሱኑ ነው።

ቤርያ 17፦

ህሊናዬ መሆኑን አልክድም። ሮሜ 2፥15 የሕጉ ሥራ በልባቸው ተጽፏል ይላል፣ ወንድሜ አንተ ህፃን አይገደልም ብለህ የምትቆጣው ቁጣ ከየት መጣ የሚለው ላይ ነው የምንለያየው። የሳኦልን ነገር ያልከውን ግን በቀላሉ አላልፈውም፣ ከባድ ነው፣ ስብከት ላይም ብዙ ሰው የሚዘለው ምዕራፍ ነው፣ መዘለል አልነበረበትም።

የሰኔ ልጅ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ይሄን ያህል አልጠበኩም። ለወንድሜ ልኬለት እያነበበው ነው፣ የሞሳን ድንጋይ ፎቶ ራሱ ፈልጎ አየው። አንድ ነገር ግን አለ፣ አጎታችን ሰምቷል መሰለኝ ትናንት ቤት መጥቶ ሰው ፊት «ሰነፍ በልቡ አምላክ የለም ይላል» ብሎ ጠቀሰበት፣ ልጁ ምግቡን ትቶ ወጣ። ምን ልበለው አጎቴን? ከወንድሜ ጋር አብረን እናንብብ ብዬዋለሁ፣ እሺ ብሏል፣ ከየት እንደምንጀምር ግን አላወኩም።

አብነት ተማሪ፦

አጎትሽን በአክብሮት ዳዊቱን እስከ መጨረሻ ያንብቡልን በይው። በኛ ዳዊት መዝሙር 13 ነው፣ በሌሎቹ 14። ወረድ ብሎ ሰነፍ ያላቸው ሰዎች የሚያደርጉትን ይናገራል፣ ሕዝቤን እንደ እንጀራ የሚበሉ ይላቸዋል፣ የድሃውን ምክር የሚያሳፍሩ ይላቸዋል። መዝሙሩ የሚከሰው ፈራጅ የለብኝም ብሎ ሰው የሚበላውን ነው። ጥያቄ ይዞ እንቅልፍ ያጣ ተማሪ ላይ መጥቀስ ያለ ቦታው ነው።

ለንባብ ኢዮብን እመርጥላችኋለሁ። ረጅም ስለሆነ ከ1 እስከ 3 በደንብ አንብቡት፣ ከወዳጆቹ ንግግር አንድ ሁለቱን (ምዕራፍ 4 እና 8 ይበቃል)፣ ከዛ 38 እስከ 42። 42፥7 ላይ ስትደርሱ ቆም በሉ፣ እግዚአብሔር የተቆጣው ለሱ ጥብቅና በቆሙት ወዳጆች ላይ ነው፣ እንደ ባሪያዬ እንደ ኢዮብ ቅን ነገር አልተናገራችሁም ይላቸዋል፣ ኢዮብ ደግሞ ሲከራከረው ነው የከረመው። ወንድምሽ እዛ ጋ ምን እንዳለ ብትጽፊልን ደስ ይለኛል፣ አልተዋጠልኝም ካለም ጻፊው።

ሀሳብ ብቻ፦

እኔም ኢዮብን ካነበብኩ ቆይቷል፣ እነዛን ምዕራፎች እኔም አነባለሁ። ስትጨርሱ እዚሁ ጻፉና እንነጋገርበት፣ የኢዮብ የመጀመሪያዎቹ ልጆች ነገር (ምዕራፍ 1፥19) ላይ ጥያቄ አለኝ፣ መጨረሻ ላይ ሌሎች ልጆች ተወለዱለት ተብሎ የሚታለፍ አይመስለኝም።