በአንድ መስመር ላይ ዊንዶውስና ኡቡንቱ ለምን የተለያየ ፍጥነት ያሳያሉ?

ጠያቂ (ደሴ)
ሰላም ለሁላችሁ። ሰኞ ገበያ አካባቢ የጽሕፈትና የኮፒ አገልግሎት እሰጣለሁ። የቤቱ የብሮድባንድ መስመር 10 ሜጋቢት በሰከንድ ነው። በአንዱ ላፕቶፕ ላይ ዊንዶውስ 10ንና ኡቡንቱን (አንዱን የሊኑክስ ዓይነት) ጎን ለጎን ጭኛለሁ፤ በአንድ ዋይፋይ ሲገናኙ የፍጥነት መለኪያው በኡቡንቱ ወደ 9 ሲጠጋ፣ በዊንዶውስ ግን ከ5 ብዙም አያልፍም። ሰዓቱን ብቀያይርም ልዩነቱ አልጠፋም። ሁሉንም ኮምፒውተሮች ወደ ሊኑክስ ለመቀየር አስቤ ነበር፤ ሆኖም ደንበኞቼ የሚያመጧቸው ሰነዶች አብዛኞቹ በፓወር ግዕዝ የተጻፉ፣ እሱም የሚሠራው በዊንዶውስ ላይ ስለሆነ ለመወሰን ተቸግሬያለሁ። ልዩነቱ በእርግጥ ከኦፐሬቲንግ ሲስተሙ የመጣ ነው?

መልስ (ኮምቦልቻ፣ የኔትወርክ ሠራተኛ)
ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ራሱ ፍጥነትን የሚገድብበት ዘመን ስለነበረ ጥያቄዎ ተገቢ ነው። ዊንዶውስ ኤክስፒ ቅንብሩ ካልተለወጠ በቀር፣ ላኪው ማረጋገጫ ሳይደርሰው የሚለቀው ዳታ ከ64 ኪሎባይት እንዲበልጥ አይፈቅድም ነበር። ዳታው አውሮፓ ካለ ሰርቨር ጋር ለመመላለስ 150 ሚሊሰከንድ ከፈጀበት፣ መስመሩ የቱንም ያህል ሰፊ ቢሆን በአንድ ግንኙነት የሚወርድ ፋይል ከ3.5 ሜጋቢት በሰከንድ አያልፍም ማለት ነው። ዓለም አቀፉን መስመር በጎረቤት አገሮች በኩል ለምናገኝ ለእኛ ይህ ከባድ ገደብ ነበር።

ከቪስታ ወዲህ ግን ዊንዶውስ ይህን መጠን እንደ መስመሩ ሁኔታ ራሱ ያሰፋዋል። ሁለቱ ሲስተሞች የመስመር መጨናነቅን የሚቆጣጠሩበት ስልትም ዛሬ ተመሳሳይ ነው፤ ኪዩቢክ የተባለውን ስልት ሊኑክስ ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ ዊንዶውስ 10 ደግሞ ከ2017ቱ ማሻሻያ ወዲህ ይጠቀሙበታል። ስለዚህ በ10 ሜጋቢት መስመር ላይ በግማሽ ያህል መለያየት ከዚህ ይመጣል ብዬ አላምንም። ይልቅስ በሚለኩበት ሰዓት ዊንዶውስ ማሻሻያ እያወረደ እንዳይሆን ታስክ ማኔጀርን ከፍተው ይመልከቱ፤ መለኪያው የሚያሳየው ከሌላው ሥራ የተረፈውን ብቻ ነውና።

መልስ (ደሴ፣ የኮምፒውተር ጥገና)
እኔ የምጠረጥረው ዋይፋዩን ነው። ለጥገና በሚመጡልኝ ላፕቶፖች ላይ ተቃራኒው ያጋጥመኛል፤ የዋይፋይ ድራይቨሩ (ዋይፋዩን የሚያሠራው ሶፍትዌር) ኃይል ቁጠባ ላይ ሲሆን ኡቡንቱ ከዊንዶውስ እጅግ ያነሰ ፍጥነት ያሳያል፣ ቁጠባው ሲጠፋ ግን ይስተካከላል። ራውተርዎ 2.4 እና 5 ጊጋኸርዝ በአንድ ስም የሚያሰራጭ ከሆነ ደግሞ፣ የትኛውን እንደሚይዝ የሚመርጠው ላፕቶፑ ስለሆነ ሁለቱ ሲስተሞች በተለያየ ሞገድ ላይ ሊሆኑ ይችላሉ። በ2.4 ላይ እርስ በርስ የማይነካኩት ቻናሎች 1፣ 6 እና 11 ብቻ ናቸው፤ ሱቅ ከሱቅ በተጠጋጋበት ሰፈር ሁሉም እነዚህኑ ይሻማል።

እባክዎ ከመወሰንዎ በፊት ዋይፋዩን አጥፍተው፣ ላፕቶፑን ከራውተሩ ጋር በገመድ አገናኝተው፣ በሁለቱም ሲስተሞች በአንድ ዓይነት ብራውዘርና በአንድ ሰርቨር ይለኩ። አንዱ መለኪያ አዲስ አበባ፣ ሌላው ውጭ አገር ያለ ሰርቨር ከመረጠ የሚወዳደረው ርቀቱ እንጂ ሲስተሙ አይሆንም። አንዱ በሜጋቢት፣ ሌላው በሜጋባይት እንዳይጽፍም ያስተውሉ፤ አንድ ባይት 8 ቢት ነው።

ጠያቂ (ደሴ)
ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በገመድ ስለካ ሁለቱም ከ9 በላይ አሳዩ፤ ልዩነታቸውም እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። በዋይፋይ ሲሆን ኡቡንቱ 5 ጊጋኸርዝ ላይ፣ ዊንዶውስ ደግሞ 2.4 ላይ ተገኝተዋል። እንግዲህ ዊንዶውስን አልለቅም። ለዋይፋዩ አዲስ ድራይቨር ልጫንበት ወይስ ሌላ መፍትሔ አለ?

መልስ (ደሴ፣ የኮምፒውተር ጥገና)
በመጀመሪያ በራውተሩ ቅንብር ውስጥ ለ5 ጊጋኸርዙ የተለየ ስም ይስጡትና ዊንዶውስን ከእሱ ጋር ብቻ ያገናኙት። ድራይቨር የሚያስፈልገው ከዚያ በኋላም ፍጥነቱ ካልተስተካከለ ነው፤ ያን ጊዜ ከላፕቶፑ አምራች ድረ ገጽ ላይ በሞዴል ቁጥሩ ፈልገው ያውርዱ። ግድግዳው ወፍራም ከሆነ 5 ጊጋኸርዝ እንደ 2.4 አያልፍምና፣ ከጓዳ በኩል ያሉትን ኮምፒውተሮች በገመድ ቢያገናኟቸው ይሻላል።