እናቶቹ ምክሩን ይረዱታል፤ ቤት ውስጥ ግን አይተገበርም

ጠያቂ፦ የልዩ ፍላጎት መምህርት፣ ጅማ

ጤና ይስጥልኝ። ጅማ ውስጥ በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት የልዩ ፍላጎት መምህርት ነኝ። ከማስተማሩ ጎን ለጎን ኦቲዝም ካለባቸው ልጆች እናቶች ጋር በሳምንት አንድ ቀን እየተገናኘሁ የልጆቻቸውን ባህሪ በቤት ውስጥ እንዴት መምራት እንደሚችሉ አስረዳለሁ። እናቶቹ በጥሞና ያዳምጣሉ፤ «እሺ መምህርት» ብለው ይሄዳሉ፤ በሳምንቱ ሲመለሱ ግን የተለወጠ ነገር የለም።

አንዷን ልጥቀስ። የአምስት ዓመት ወንድ ልጅ አላት፤ አይናገርም። ቡና ተፈልቶ ጎረቤት ሲሰበሰብ ስልክ እስኪሰጠው ድረስ ይጮኻል። ሲጮኽ ስልክ መስጠት ጩኸቱን እንደሚያጠናክረው በሚገባ ገብቷታል፤ እንዲያውም ለሌሎቹ እናቶች የምታስረዳው እርሷ ናት። እንግዳ ፊት ግን አንጀቷ አይችልም፤ እርሷ ብትጨክን እንኳ አያቱ ስኳር ይዘው ይደርሳሉ። በተጨማሪም ቤታቸው የሚነገረው አፋን ኦሮሞ ሲሆን እኔ የማሠለጥናት በአማርኛ ነው፤ ልጁ የትኛውን ይልመድ የሚለውም አሳስቦኛል። ልምድ ያላችሁ ብትመክሩኝ።

መልስ 1፦ የአእምሮ ጤና ነርስ

መምህርት፣ እናትየው ዕውቀት አልጎደላትም፤ የጎደላት ሰው አጠገቧ ሆኖ እያያት መለማመድ ነው። አንድን ዘዴ ለወላጅ ስናሠለጥን ባጭሩ እንነግራለን፣ ሠርተን እናሳያለን፣ እርሷ እንድትሠራው እናደርጋለን፣ ከዚያም ያየነውን እንነግራታለን። አብዛኞቻችን የመጀመሪያውን ብቻ ሠርተን እንሸኛታለን። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2015 አሜሪካ ውስጥ ከ3 እስከ 7 ዓመት ዕድሜ ያላቸው 180 ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች በተሳተፉበት ጥናት፣ ለ24 ሳምንታት የባህሪ ሥልጠና ያገኙ ወላጆች ልጆች ስለ ኦቲዝም ትምህርት ብቻ ከተሰጣቸው ወላጆች ልጆች ይልቅ አስቸጋሪ ባህሪያቸው ቀንሶ ታይቷል። የዓለም ጤና ድርጅት ለተንከባካቢዎች ያዘጋጀው ሥልጠናም ከ9 የቡድን ስብሰባዎች ጋር 3 የቤት ጉብኝቶችን ያካተተ ነው።

ስለዚህ እንግዳ በሌለበት ቀን ቤታቸው ይሂዱ። የስልኩን ፎቶ በካርቶን ላይ ለጥፈው ልጁ ፊት ያስቀምጡ፤ እናትየው ስልኩን ይዛ ከፊቱ ትቀመጥ። ልጁ እጁን ወደ ስልኩ ሲዘረጋ፣ ገና ሳይጮኽ፣ እርስዎ ከኋላው ሆነው የእጁን አንጓ በቀስታ ይዘው ካርቶኑን እንዲያነሳና ለእናቱ እንዲሰጥ ይርዱት፤ እርሷም የስልኩን ስም ተናግራ ስልኩን ወዲያው ትስጠው። እጁን ቢነጥቅ አያስገድዱት። ቀጥሎ የእርስዎን ቦታ አባቱ ወይም እኅቱ ይያዙ፤ እገዛውም ከአንጓ ወደ ክርን፣ ከክርን ወደ ምንም እየቀነሰ ይሂድ። እናትየው ስትሳሳት አሥር ነገር አይንገሯት፤ አንድ ይበቃል።

ቀድመው ሊያስጠነቅቋት የሚገባ ነገርም አለ፦ በጩኸት ይገኝ የነበረው ሲቀር ጩኸቱ መጀመሪያ ሊብስ ይችላል። ይህን ያልተነገራት እናት በሦስተኛው ቀን ትታ ስልኩን ትሰጣለች፤ ልጁም አብዝቶ መጮኽ እንደሚያዋጣ ይማራል። ራሱን የሚመታ ልጅ ከሆነ ግን ያለ ባለሙያ አይሞክሩት። ቋንቋን በተመለከተ፣ እናትየው በምትቆጣበትና በምታቆላምጥበት ቋንቋ ይሁን፤ «ናፍ ኬኒ» ማለት የሚቀናት ከሆነ «ስጠኝ» እንድትል አያድክሟት።

መልስ 2፦ የአንድ ልጅ እናት

ወንድሜ ነርሱ ያለው ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ልጁ የሚጮኸው ለስልክ መሆኑ በምን ታወቀ? የእኔም ልጅ ቡና ሲፈላ ይጮኽ ነበር፤ እኛም ስልክ እንሰጠው ነበር፤ ዝምም ይል ነበር። ከጩኸቱ በፊትና በኋላ የሆነውን ለአንድ ሳምንት በደብተር ስንጽፍ ግን ጩኸቱ ሁልጊዜ የሚነሣው እንግዳ ከመግባቱ በፊት፣ ቡናው ሙቀጫ ውስጥ ሲወቀጥ ሆኖ ተገኘ። ጆሮውን በትከሻው ይደፍን ነበር፤ ለካ ስናየው ኖረን አላስተዋልነውም። አሁን ሲወቀጥ ከታላቅ እኅቱ ጋር ደጅ ይወጣል፤ ለጩኸቱ ሌላ ሕክምና አላስፈለገውም።

ስለ አያትየው ደግሞ፣ ተው ማለት አያዋጣም፤ ቅር ይላቸዋል። ሥራ ይስጧቸው። እኔ አማቴን «ካርቶኑን ሲሰጥዎ ፈንዲሻ የሚሰጡት እርስዎ ብቻ ነዎት» አልኳቸው። ከእኔ ይልቅ ጥብቅ የሆኑት እርሳቸው ናቸው።

ጠያቂ፦ የልዩ ፍላጎት መምህርት፣ ጅማ

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ጩኸቱ መቼ እንደሚጀምር ጠይቄያት አላውቅም ነበር፤ የምጠይቃት መቼ እንደሚያቆም ነበር። በዚህ ሳምንት ደብተሩን ብቻ እንድትይዝ ነግሬያታለሁ፤ መጻፍ ስለሚከብዳት ታላቅ ልጇ ይጽፍላታል። ቅዳሜ ጠዋት ቡናው ሳይቆላ ቤታቸው እገኛለሁ፤ ካርቶኑን አዘጋጅቼ እይዛለሁ፣ የማወጣው ግን ደብተሩን ካየሁ በኋላ ነው።