አባታችን መርሳት የጀመሩት ከድሮው የጭንቅላት ጉዳት ነው ወይስ ከጦርነቱ ድንጋጤ?

ጠያቂ፦ የማራኪዋ (ጎንደር)
አባታችን ወደ ሰባ እየተጠጉ ነው። በደርግ ጊዜ ወታደር ነበሩ፤ ከባድ መሣሪያ አጠገባቸው ፈንድቶ ራሳቸውን ስተው እንደነበር ጓደኞቻቸው ይናገራሉ። እኔ ከማውቃቸው ጀምሮ ሌሊት እየጮኹ ይነቃሉ፤ በቅርብ ዓመታት ደግሞ ተኩስ በሰሙ ቁጥር ብሶባቸዋል። ለጥምቀት ሰሞን ፒያሳ ላይ ባጃጅ ገፍቷቸው ወድቀው ነበር። ግንባራቸው ከማበጡ በቀር ደህና ስለመሰሉን ሐኪም ቤት አልወሰድናቸውም። ከዐቢይ ጾም መግቢያ ወዲህ ግን እኔን በእህታቸው ስም ይጠሩኛል፤ ቀን ቀን ያንቀላፋሉ፤ እሑድ ከቅዳሴ ሲመለሱ የገዛ በራችንን አልፈው ሄዱ። አንድ ክሊኒክ «ዕድሜ ነው» ብሎ ቫይታሚን ሰጥቶ ሸኘን። ጎረቤቱም ጃጅተዋል ይላል። እውነት የድሮው ጉዳት ነው?

ነርስ ከአዘዞ፦
እህቴ፣ ጦርነቱን ለጊዜው ተይው። እኔን ያስፈራኝ የጥምቀቱ መውደቅ ነው። ሰው ሲያረጅ አንጎሉ ትንሽ ይሰበሰባል፤ በአንጎሉና በሽፋኑ መካከል ያሉት ቀጫጭን የደም ሥሮች ይወጠራሉ። ቀላል ምት ይበጥሳቸዋል፤ ደሙም በሳምንታት ውስጥ ቀስ እያለ ይጠራቀማል። ቤተሰቡ መውደቁን ሲረሳ ነው ምልክቱ የሚመጣው። በሲቲ ስካን ይታያል፤ ከበዛም በቀዶ ሕክምና ይፈሳል፤ ብዙዎችም ወደ ቀድሞ አእምሯቸው ይመለሳሉ። አንድ እግራቸውን ይጎትታሉ? አስፒሪን ወይም ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ይወስዳሉ?

የማራኪዋ፦
አስፒሪን ለልባቸው ይወስዳሉ። እግራቸውን ስትዪ ደነገጥኩ፤ የግራ ጫማቸው ጫፍ ብቻውን ተፍቆ አልቆ ነበር። ጫማው ነው ብለን አዲስ ገዛንላቸው።

ነርስ ከአዘዞ፦
እንግዲያው ነገ አትበይ፣ ዛሬውኑ ድንገተኛ ክፍል ውሰዷቸው። የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ በፌስታል ይዘሽ ሂጂ።

የአእምሮ ጤና ባለሙያ፦
ነርሷ ትክክል ናት፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እንዲህ የወረደ አእምሮ «የድሮ ቁስል» ተብሎ አይታለፍም። የጠየቅሽውን ግን ልመልስ። በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ 2.8 ሚሊዮን ያህል ሰዎችን ያካተተ የዴንማርክ ጥናት የጭንቅላት ጉዳት የደረሰባቸው ሰዎች በመርሳት በሽታ የመያዝ ዕድላቸው ካልደረሰባቸው በ24 በመቶ ከፍ እንደሚል አሳይቷል፤ ለከባድ ጉዳት 35፣ ለቀላል 17 በመቶ። ይህ ማለት ከመቶ ተጎጂ 24ቱ ይታመማሉ ማለት አይደለም፤ ከነበረው ዕድል ላይ የተጨመረ ነው። አብዛኞቹ ተጎጂዎች አይታመሙም።

ድንጋጤውም የራሱ ድርሻ አለው። በ2010 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ ከ180 ሺህ በላይ የቀድሞ የአሜሪካ ወታደሮችን የተከታተለ ጥናት ነበር። በሰባት ዓመት ገደማ ውስጥ የጦርነት ድንጋጤ ካልለቀቃቸው 10.6 በመቶ፣ ከሌሎቹ ደግሞ 6.6 በመቶ የመርሳት በሽታ ተገኝቶባቸዋል። ምክንያቱ አንድ አይመስልም፦ የተበላሸ እንቅልፍ፣ የደም ግፊት፣ መጠጥ፣ ከሰው መራቅ። ነገሩ ተገልብጦም ይመጣል፤ አንጎል ሲደክም ተዳፍኖ የኖረው ጦርነት እንደ አዲስ የሚቀሰቀስባቸው አሉ። ስለዚህ የሌሊቱን ጩኸት ለሐኪሙ ንገሪ። የእኛ አባቶች ራሳቸው አይናገሩትም።

ባሕታዊው፦
ሲቲ ስካን ሲቲ ስካን ትላላችሁ፤ ሌሊት የሚያስጮኽ ነገር በሐኪም አይድንም። ጸበል ይግቡ።

ነርስ ከአዘዞ፦
ወንድሜ፣ ጸበሉን ማን ከለከለ? ግን ደም የቋጠረ ጭንቅላት ሱባኤ እስኪያልቅ አይጠብቅም። ምርመራው ይቅደም፤ ጸበል ሲሄዱም መድኃኒታቸው አይቋረጥ።

እናቴን አስታማሚ፦
ሐኪሙ ፊት ሲቀርቡ አባቶች ነቃ ብለው «ደህና ነኝ» ይላሉ፤ ወጣቱ ሐኪምም ያምናቸዋል። ስለዚህ ለውጡን በወረቀት ጻፊ፦ መቼ ወደቁ፣ መቼ ጀመረ፣ ምን ምን ጠፋቸው። ሲቲ ስካኑ ንጹሕ ቢሆን እንኳ ተስፋ አትቁረጪ፤ የታይሮይድና የቫይታሚን ቢ12 ምርመራ ጠይቂ፤ ድብርትም መርሳትን ይመስላል። ለእንቅልፍ ተብሎ የሚሰጠው ዲያዜፓም እና አሚትሪፕቲሊን የሽማግሌን አእምሮ እንደሚያደበዝዙ እናቴ ላይ አይቻለሁ። ጆሯቸውንም አስመርምሪ፤ ያልሰማ ሰው የረሳ ይመስላል። ሌሊት ሲጮኹ ደግሞ አትያዢያቸው። መብራት አብርተሽ ራቅ ብለሽ በስማቸው ጥሪያቸው፤ ያለበለዚያ ጠላት ያዘኝ ብለው ሊመቱሽ ይችላሉ።

የማራኪዋ፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ድንገተኛ ክፍል ደርሰን ተራ እየጠበቅን ነው። ጾመኛ ናቸው፣ ከትናንት ጀምሮ አልቀመሱም። ሽሮ በቴርሞስ ይዤ መጥቻለሁ፤ ልስጣቸው?

ነርስ ከአዘዞ፦
ሐኪም ሳያያቸው ምንም አትስጫቸው፣ ውኃም ቢሆን፤ ቀዶ ሕክምና ካስፈለገ ሆዳቸው ባዶ መሆን አለበት። ስኳር ካለባቸው ግን አለመብላታቸውን በበሩ ላይ ላለችው ነርስ አሁኑኑ ንገሪያት። ተራ እየጠበቃችሁ ቢያስመልሳቸው ወይም አልነቃ ካሉም ተራ አትጠብቂ፣ ጮኸሽ ጥሪ።