ጥቆማ፦ ለኮሌጅ የቲያትር ኦዲሽን (የመግቢያ የተግባር ፈተና) ገንዘቡ የት ላይ ቢውል ይሻላል? (ዲሲ፣ ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያ)

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁ። ሜሪላንድ ነን፤ ልጃችን 11ኛ ክፍል ናት፤ ትወና ወይም ሙዚቃዊ ተውኔት ማጥናት ትፈልጋለች። አሰልጣኝ፣ የቪዲዮ ስቱዲዮ፣ ፎቶ፣ ለኦዲሽን የቺካጎ ጉዞ፣ ሁሉም ገንዘብ ነው። የቱ ይቅደም፣ የቱስ ይቅር? የምታውቁትን ጠቁሙን።

መልስ 1
እህቴ፣ መጀመሪያ የትምህርት ቤቶቹ ዝርዝር ይውጣ፤ ወጪውን የሚወስነው እሱ ነው። ቢኤፍኤ የሚባለው ዲግሪ አብዛኛውን ሰዓት ለትወና፣ ለድምፅና ለእንቅስቃሴ የሚሰጥ ሲሆን ብዙውን ጊዜ ያለ ኦዲሽን አይገባም። ስመ ጥሮቹ ከሺህ በላይ ተፈታኝ አይተው 20 ያህሉን ያስቀራሉ። ቢኤ ሰፋ ያለ ነው፤ ከሌላ ትምህርት ጋር ይጣመራል፣ ብዙ ቦታም ኦዲሽን የለበትም። ስለዚህ ስምንት ወይም ዘጠኝ የኦዲሽን ትምህርት ቤት ከያዛችሁ፣ ኦዲሽን የማይጠይቁና ክፍያቸው የሚቻል ሁለት ሦስት ጨምሩ። እነዚህንም እሷው ትምረጣቸው፤ ወላጅ ለመጠባበቂያ ብሎ ያስገባውን ስም ልጅ በሚያዝያ ወር ዞር ብሎም አያየውም።

በአቅራቢያችን፣ ሃዋርድ ጠንካራ የቲያትር ክፍል አለው፤ የጥበባት ኮሌጁ ከ2021 ጀምሮ የቀድሞ ተማሪያቸውን የተዋናዩን የቻድዊክ ቦዝማንን ስም ይዟል። ካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ ሙዚቃዊ ተውኔትን በሙዚቃ ዲግሪ ስር ስለሚያስተምር ኖታ ማንበብና የድምፅ ትምህርት ይጠብቃታል። ኮሌጅ ፓርክ ያለው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የሚሰጠው ቢኤ ነው፤ ለስቴቱ ነዋሪ ክፍያው ይቀላል። ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ሁለት ዓመት ተምሮ መዛወርም ጥሩ መንገድ ነው። ግን ወደ ቢኤፍኤ የሚዛወር ተማሪ ክሬዲት ቢኖረውም የስቱዲዮ (የተግባር ትወና) ትምህርቱን ከአንደኛ ዓመት ሊጀምር ይችላል። "ለመጨረስ ስንት ዓመት ይቀራታል?" ብላችሁ መልሱን በኢሜይል ተቀበሉ።

አንድ ነገር አትርሱ፦ በሩ ሁለት ነው። ኦዲሽኑን አልፎ በክፍል ውጤቱ ዩኒቨርሲቲው የማይቀበለው ተማሪ አለ።

መልስ 2
የቪዲዮ ስቱዲዮው ይቅር። ፕሪስክሪን፣ ማለትም ከኦዲሽኑ በፊት ያለው የቪዲዮ ማጣሪያ፣ በስልክ ይቀረፃል። የሚላከው አብዛኛውን ጊዜ አክሴፕትድ ወይም ስላይድሩም በሚባሉት ድረ ገጾች ሲሆን ቀነ ገደቡ ብዙ ቦታ ኦክቶበርና ኖቬምበር ላይ ይወድቃል። መነባንቡ ባብዛኛው ከ60 እስከ 90 ሰከንድ ነው።

ስልኩን አግድም አድርጋችሁ በዓይኗ ከፍታ ትሪፖድ ላይ አቁሙት። መስኮት ከጀርባዋ ከሆነ ፊቷ ይጠቁራል፤ ብርሃኑ ከፊት ይምጣ። ግድግዳው ባዶ ይሁን። ስሟንና የተውኔቱን ርዕስ ስትናገር ሌንሱን ታያለች፤ መነባንቡን ስትጀምር ግን ዓይኗ ከሌንሱ ትንሽ ወደ ጎን ይሂድ፤ የምታናግረው ሰው እዚያ ቆሟል። እያንዳንዱ ሥራ ሳይቆራረጥ በአንድ ጊዜ ይቀረፅ።

ብዙ ቪዲዮ የሚበላሸው በድምፅ ነው። የአፓርትመንት ክፍል ስለሚያስተጋባ ከስልኩ ጀርባና ከጎኑ ሁለት ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ ስቀሉ፤ ለውጡ ወዲያው ይሰማል። ሙዚቃ የሚያጫውተውን ስፒከር ከስልኩ ጎን አታስጠጉት፤ ድምፅዋን ይውጠዋል። ወደ እሷ አዙራችሁ ዝቅ አድርጉት። ከዚያ የዘፈኑን ከፍተኛ ኖታ ብቻ አዘፍናችሁ ቅረፁና በጆሮ ማዳመጫ ስሙት። ከሻከረ ስልኩን አንድ ሜትር ያህል አርቁት። ይህን ሳይሞክር ሙሉ ቀን የቀረፀ ሰው ሁሉንም ይደግማል።

ቀነ ገደቡ ማታ ላይ ለመጫን አትሞክሩ፤ ከሦስት ቀን በፊት ይግባ።

መልስ 3
ገንዘብ የሚገባው ሁለት ቦታ ነው፦ መነባንብ የሚመርጥና የሚያርም አሰልጣኝ፣ እና ፒያኖ የሚጫወት አጃቢ። ለቡድን ትምህርት ዲሲ ውስጥ ቲያትር ላብ አለ፤ ለማይችል ሰው የክፍያ እርዳታ ስላለው መጀመሪያ እሱን ጠይቁ። ቤተስዳ ያሉት ኢማጂኔሽን ስቴጅና ራውንድ ሃውስ ለታዳጊዎች ያስተምራሉ። ለአርሊንግተን ሰው ሲግኔቸር ቲያትር ቅርብ ነው፤ ለሙዚቃዊ ተውኔት ደግሞ የተሻለ ነው። ቡድን ለልምምድ ጥሩ ሆኖ፣ መነባንብ ለመምረጥ ግን ከአምስት እስከ ስድስት የግል ክፍለ ጊዜ ያስፈልጋል። "አስገባታለሁ" ብሎ የዓመት ጥቅል የሚሸጥላችሁን ሰው ተዉት።

አሰልጣኙ የ40 ዓመት እናት ወይም ነፍሰ ገዳይ ከመረጠላት መልሱለት። ፈታኞቹ ማየት የሚፈልጉት ከዕድሜዋ ብዙ ያልራቀች፣ ከአንድ ሰው አንድ ነገር አጥብቃ የምትፈልግ ልጅ ነው። በትዝታ የሚተርክ መነባንብም ይከብዳል፤ የሚያስለቅስ ቢሆንም ምንም አይከሰትበትም። ጥንታዊ መነባንብ የሚጠይቁ ቦታዎች ባብዛኛው በግጥም የተጻፈ ይፈልጋሉ። የእንግሊዝኛው ስንኝ እንደኛ ግጥም ቤት በመምታት ሳይሆን በምት ነው የሚሄደው፤ በመስመሩ አምስት ጊዜ ላላ፣ ጠበቅ እያለ። ልጅቷ ጠረጴዛ እየመታች ታንብበው፤ ምቱ የተሰበረበት ቦታ ስሜቱ የተለወጠበት ነው።

ለዘፈን፣ አፕካምፓኒስት የሚባለው መተግበሪያ ቁልፉን (የዜማውን ከፍታ) እና ፍጥነቱን ስለሚቀይር ለቤት ልምምድ ይበቃል። ኦዲሽኑ ላይ ሰው የሚያጅባት ከሆነ ግን ቢያንስ ሁለት ጊዜ ከሰው ጋር ትለማመድ። ኖታው በእሷ ቁልፍ የታተመ፣ ፊትና ጀርባ፣ በማያብረቀርቅ ወረቀት፣ መነሻና መድረሻው በእርሳስ የተከበበ ይሁን። ፍጥነቱን ለፒያኒስቱ የምትነግረው ሁለት መስመር በቀስታ አዚማለት ነው፤ ጣት ማጮህ ብልግና ይመስላል።

የመጀመሪያዋ ጠያቂ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ፎቶውስ? ቺካጎ መሄድስ ግድ ነው?

መልስ 1
ፎቶ 8 በ10 ኢንች፣ ፊቷ በደንብ የሚታይበትና በፊልተር ያልተነካካ ይበቃል፤ ውድ ፎቶ አንሺ አያስፈልግም። ሲቪዋ በዚያው ልክ ተቆርጦ ከጀርባው ይያያዛል። ልዩ ችሎታ በሚለው ስር አማርኛና እስክስታ ይጻፍ፤ የኛ ልጆች ይህን ይዘሉታል። እስቲ አሳዪን ሊሏት ስለሚችሉ ግን ትከሻዋ የተዘጋጀ ይሁን።

ቺካጎ ግድ አይደለም። ዩኒፋይድ ኦዲሽን ማለት ብዙ ትምህርት ቤቶች በክረምቱ፣ ባብዛኛው ከጃንዋሪ መጨረሻ ጀምሮ፣ አንድ ከተማ ተሰብስበው የሚፈትኑበት ነው። ቀጠሮ የሚያዘው ከእያንዳንዱ ትምህርት ቤት ጋር ነው፤ አንዱን መያዝ ሌላውን አያስገባም። የኒውዮርኩ ከዩኒየን ስቴሽን በባቡር ወይም በአውቶቡስ ይደረስበታል። ከዝርዝሯ አራት ያህሉ እዚያ ካሉ ይሂዱ፤ ሁለት ብቻ ከሆኑ በኢንተርኔት ወይም ግቢያቸው ድረስ ሄዳ ትፈተን። በሁለት ቀጠሮዎች መሃል አንድ ሰዓት ተኩል ይኑር፣ አዳራሾቹ ይዘገያሉና። በረዶም ስለሚያግድ ዋዜማውን ድረሱ። ሃዋርድና ካቶሊክ ግን በሜትሮ ነው፤ ሻው ሃዋርድ በግሪን መስመር፣ ብሩክላንድ በሬድ መስመር።

መልስ 3
አንድ የማይነገር ወጪ አለ። የኮመን አፕ (ለብዙ ኮሌጆች በአንድ ላይ የሚሞላው ማመልከቻ) ክፍያ ነፃ ቢደረግላችሁም የፕሪስክሪኑና የኦዲሽኑ ክፍያ ለብቻው ሊመጣ ይችላል። ከመክፈላችሁ በፊት ለቲያትር ክፍሉ ኢሜይል ጽፋችሁ ነፃ እንዲያደርጉላችሁ ጠይቁ። ፋፍሳ፣ ማለትም የመንግሥት የገንዘብ እርዳታ ማመልከቻ፣ ከኦክቶበር 1 ጀምሮ ይሞላል፤ የግል ዩኒቨርሲቲዎች ሲኤስኤስ ፕሮፋይል የሚባለውን ሌላ የእርዳታ ፎርምም ሊጠይቁ ይችላሉ። የተሰጥኦ ስኮላርሺፕ ካለ በዚያው ኦዲሽን ይታይ እንደሆነ ወይም የራሱ ፎርም እንዳለው ጠይቁ። መልሶቹ እስከ አፕሪል መጀመሪያ ይጠቃለላሉ፤ መወሰኛው ሜይ 1 ነው። የእርዳታ ደብዳቤዎቹን ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ ብድሩን ከስጦታው ሳትለዩ ተቀማጭ አትክፈሉ።