በሁለት የቪአር መነጽር 28 ታዳጊዎችን ስሜትን መግዛት ማለማመድ፦ እንዴት ላደራጀው?

ጥያቄ፦ አማካሪዋ ከአዳማ

ሰላም ለዚህ ቤት። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማካሪ ነኝ። ክዌስት 2 የተባሉ ሁለት የቪአር (ምናባዊ ዓለም የሚያሳዩ) መነጽሮች በስጦታ ደርሰውናል። በክበቡ ያሉት 28 የ9ኛ ክፍል ልጆች ናቸው፤ ያለን ጊዜ በሳምንት አንድ የ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ብቻ ነው። ንዴት፣ እፍረትና የጓደኛ ግፊት ሲመጣባቸው ቆም ብለው መወሰንን በመነጽሩ እንዲለማመዱ እፈልጋለሁ፤ ሺሻ፣ ጫት፣ የቴሌግራም ጠብ፣ ጠጥቶ የሚነዳ ሰው መኪና ውስጥ መግባት። በአማርኛ የተሠራ አላገኘሁም፤ ኢንተርኔታችንም አይታመንም። ለሙከራ ካደረጉት ልጆች ሁለቱን አጥወለወላቸው። ጊዜውን እንዴት ላከፋፍለው? ይዘቱንስ ራሳችን መሥራት እንችላለን?

መልስ፦ የልጆች ሳይኮሎጂ

እኅቴ፣ መጀመሪያ ሁለቱን ሳምንት መነጽሩን ከካርቶኑ አታውጪው። ልጁ ምን እንደሚለማመድ ሳያውቅ ከገባ ጌም ብቻ ይሆንበታል። አሜሪካ ሮድ አይላንድ ውስጥ አይትራክ በሚል ስም የተሠራውና ጥናቱ በ2019 የታተመው ፕሮግራም ቪአሩን ያስገባው በተለመደው የድራማ ልምምድ ቦታ ነው፤ ትምህርቱ ከአስተማሪው ጋር እንዳለ ነው። ልጆቹ የሚማሯቸው ዘዴዎች ሦስት ናቸው፤ በእኛ አነጋገር፦ ከቦታው ዞር ማለት፣ ስሜቱን ማውጣት (መናገር፣ መጻፍ፣ በእግር መሄድ)፣ ነገሩን በሌላ በኩል ማሰብ። እነዚህን ያለ መነጽር በቃላቸው እስኪይዙ አለማምጃቸው። ትንፋሹንም ጨምሪበት፦ 4 ሰከንድ ማስገባት፣ 6 ሰከንድ ማስወጣት። በደቂቃ 6 ትንፋሽ ይሆናል።

ጊዜው እንዲህ ይከፈላል። 8 ደቂቃ መግቢያ፤ ከዚያ እያንዳንዳቸው 6 ደቂቃ የሆኑ 4 ዙሮች፤ የቀረው 8 ደቂቃ ውይይት። በዙር ሁለት ልጅ ሲገባ በሳምንት 8 ልጅ ይደርሰዋል፤ አንዱ ትዕይንት ለ28ቱ በ4 ሳምንት ያልቃል። 28ቱንም በአንድ ቀን ለማዳረስ ከሮጥሽ መነጽር በማጥበቅና በመፍታት ክፍለ ጊዜው ያልቅብሻል። ከ6ቱ ደቂቃም ትዕይንቱ ከ3 ባይበልጥ ይሻላል፤ 1 ደቂቃ ለማድረግ፣ 2 ደቂቃ ለማውራት።

ልጁ ለስሜቱ ጥንካሬ ከ0 እስከ 10 ሦስት ጊዜ ቁጥር ይስጥ፦ ከመግባቱ በፊት፣ ጫና የበረታበት ቦታ ላይ፣ ከወጣ በኋላ። ከቁጥሩ ጋር «የት ተሰማህ?» ብለሽ ጠይቂ፤ ጉሮሮ፣ ጆሮ መጋል፣ እጅ ማላብ። ብዙው ልጅ መናደዱን የሚያውቀው ከተናገረ በኋላ ስለሆነ፣ የልምምዱ ግማሽ ጥቅም ምልክቱን ቀደም ብሎ መያዝ ነው። 8 ያለ ልጅ ግን ወዲያው ይውጣ። እዚያ ላይ ሆኖ አይማርም።

መልስ፦ 360 ካሜራ

ይዘቱን ራሳችሁ ሥሩት፤ ደግሞም ጽሑፉን ልጆቹ ይጻፉት። ዴንማርኮች ቪአር ፌስትላብ የተባለውን የአልኮል መከላከያ ሲሠሩ የድግሱን ታሪክ ከወጣቶቹ ጋር ነው ያዘጋጁት። አዋቂ የጻፈው የጓደኛ ግፊት «ና ሺሻ እናጭስ፣ እምቢ ካልክ ጓደኛችን አይደለህም» ይላል። እንዲህ ብሎ የሚያውቅ ልጅ የለም። እውነተኛው እንዲህ ነው፦ ዓርብ ከሰዓት፣ ቤተሰብ የሌለበት ሳሎን፣ ሦስት ልጆች። አንዱ ቱቦውን ሳያይህ ያቀብልሃል። ዝም ስትል «ምነው?» ይላል። ሁለተኛው ስልኩ ላይ እንዳቀረቀረ «ተወው፣ እማዬን ላስፈቅድ ሊል ነው» ይላል፤ ሦስተኛው ይስቃል። ከሳቁ በኋላ 8 ሰከንድ ማንም አይናገር፣ ሁሉም ካሜራውን ይይ። ልጁ ድምፅ አውጥቶ የሚመልሰው እዚያ ላይ ነው፤ ቀረጻው ላይ ያንን ዝምታ ካሳጠራችሁት ትዕይንቱ ሞተ።

አቀራረጹ፦ 360 ካሜራው (ዙሪያውን በሙሉ የሚቀርጸው) ልጁ በሚቀመጥበት ቦታ፣ ከወለሉ 1.2 ሜትር ከፍታ፣ በቀጭን ማቆሚያ ላይ። ፈጽሞ አይንቀሳቀስ። ተዋናዮቹ ከ1 እስከ 1.5 ሜትር ይራቁ፤ ከዚያ ከቀረቡ ሁለቱ ሌንሶች የሚገጣጠሙበት መስመር ላይ ፊታቸው ይቆረጣል። ዋናው ተናጋሪ ከአንዱ ሌንስ ፊት ለፊት ይቀመጥ። መውጫው በር እንዲታይ አድርጉ፤ «ዞር ማለት» የሚለውን ዘዴ የሚመርጥ ልጅ በሩን በዓይኑ ይፈልገዋል። ቪዲዮው ሲወጣ 5760 በ2880 ፒክስል፣ በሴኮንድ 30 ፍሬም፣ ኤች 265 በተባለው የቪዲዮ ማመቂያ። በሴኮንድ 60 ሜጋቢት የ90 ሰከንድ ክሊፕ 675 ሜጋባይት ገደማ ነውና በዩኤስቢ ገልብጡት። ብዙ ማጫወቻዎች የፋይሉ ስም መጨረሻ ላይ 360 ካላዩ ምስሉን እንደ ጠፍጣፋ ቪዲዮ ይከፍቱታል።

ለምርጫው ፕሮግራም መጻፍ አያስፈልግም። አንድ መነሻና ሦስት መድረሻ ክሊፕ ቅረጹ፤ ልጁ ምርጫውን በቃል ይናገር፣ የሚቀጥለውን አማካሪዋ ትክፈትለት። ተዋናዮቹን ግን ከክበቡ አትምረጡ። ሺሻ የያዘው ልጅ ቪዲዮ ሰኞ ቲክቶክ ላይ ቢወጣ ማን ይመልሰዋል?

መልስ፦ ጥገና ቤት

ማጥወልወሉ የሚመጣው ዓይን «እየሄድን ነው» ሲል የውስጥ ጆሮ «የለም፣ ተቀምጠናል» ስለሚል ነው። በጆይስቲክ የሚያስኬድ ጌም ካስሞከርሻቸው ምክንያቱ እሱ ነው። በቋሚ ካሜራ የተቀረጸ ብቻ አሳዪ፣ በሚሽከረከር ወንበር ላይ ተቀምጠው። 360 ቪዲዮ ጭንቅላት ሲዞር ይከተላል፣ ወደ ፊት ሲያጎነብሱ ግን አይከተልም፤ ስለዚህ «ዙሩ እንጂ አታጎንብሱ» በያቸው።

ሁለተኛው ጥፋት በሁለቱ ሌንሶች መካከል ያለው ርቀት ነው። ክዌስት 2 ያሉት ሦስት ቦታዎች 58፣ 63 እና 68 ሚሊሜትር ናቸው። የእያንዳንዱን ልጅ የዓይን ብሌን ርቀት በማስመሪያ ለኪና ስሙ አጠገብ 1፣ 2 ወይም 3 ብለሽ ጻፊ። ይህ ሲሳሳት ምስሉ ይደበዝዛል፣ ራስ ምታትም ያመጣል። ሹሩባ ለተሠሩ ልጃገረዶች የላይኛውን ማሰሪያ ፈትተሽ ከአደረግሽላቸው በኋላ እሰሪው፤ በጉልበት ከተሳበ ጸጉር ይይዛል።

የቀረው፦ ባትሪው ከ2 እስከ 3 ሰዓት ይቆያል፤ መቆጣጠሪያዎቹ አንድ አንድ ኤኤ (AA) ባትሪ ድንጋይ ይበላሉ፣ ትርፍ ይኑርሽ። መብራት ጠፍቶ ክፍሉ ከጨለመ መነጽሩ የት እንዳለ ይጠፋዋል፤ መስኮት አጠገብ ሥሩ። ሌንሱ ላይ ግን ፀሐይ እንዳያርፍ! ጨረሩን ሰብስቦ ስክሪኑን ያቃጥለዋል፣ አይጠገንም። ሌንሱን በደረቅ የመነጽር ጨርቅ፣ ፊት የሚነካውን የሲሊኮን ሽፋን ከልጅ ወደ ልጅ በእርጥብ መጥረጊያ። ዝማኔውን አስቀድመሽ ጨርሺ፣ ካልሆነ በክፍለ ጊዜው መሀል ይጀምርሻል።

መልስ፦ ተጠራጣሪው

አንድ ነገር ልቃወም። ልጁ የሚያየውን በፕሮጀክተር ለክፍሉ ማሳየት ብዙ ሰው ይወዳል። ጋርድነርና ስታይንበርግ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2005 ባወጡት የመኪና ጌም ሙከራ፣ ታዳጊዎች ጓደኞቻቸው ሲያዩአቸው ለብቻቸው ከሆኑበት ጊዜ የበለጠ አደጋ ይደፍሩ ነበር፤ አዋቂዎቹ ላይ ግን ይህ አልታየም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ክፍሉ እየሳቀ የሚሰጠው መልስ ለክፍሉ የተሰጠ ነው። ልጁ መጀመሪያ ሲገባ ያለ ተመልካች ይሁን። ለሁለተኛ ጊዜ ሲገባ ተመልካች አምጡ፤ ያኔ ጫናው ራሱ ልምምድ ይሆናል።

ደግሞም መጥፎውን ምርጫ ለመሳቅ የሚመርጥ ይኖራል። አትቆጡት፤ እስከ መጨረሻው ይየው። ነገር ግን የክሊፑን መጨረሻ አምቡላንስና ለቅሶ አታድርጉት፤ ልጆች ስብከት ሲሸታቸው ይዘጋሉ። ሳል፣ እናት የምታሸተው ልብስ፣ በማግስቱ ቴሌግራም ላይ የተለቀቀ ፎቶ ይበቃል። መለኪያችሁም የመነጽሩ ውጤት አይሁን። በሳምንቱ ውስጥ ከሦስቱ ዘዴ አንዱን የት እንደሞከረ ሁለት መስመር ጽፎ ይምጣ።

ጠያቂ፦ አማካሪዋ ከአዳማ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሁለት ይቀሩኛል፦ ፈጽሞ መግባት የሌለበት ልጅ ማን ነው? መሀል ላይ ቢያለቅስስ?

መልስ፦ የልጆች ሳይኮሎጂ

የሚጥል በሽታ ያለበት አይግባ። ከግጭት አካባቢ ተፈናቅሎ የመጣ፣ በቅርቡ ሐዘን ወይም ድብደባ የደረሰበት ልጅ ለብቻው ካንቺ ጋር ይሥራ፣ ያለ መነጽር። ይህን ከወላጅ የምታገኚው በፈቃድ ወረቀቱ ላይ ከጠየቅሽ ነው፤ አዳማ ስለሆናችሁ በአማርኛም በኦሮምኛም አዘጋጂው።

ቢያለቅስ መጀመሪያ በድምፅ፦ «እዚህ ነኝ፣ ዓይንህን ጨፍን»። መነጽር ያደረገ ሰው እጅ ሲነካው ይደነግጣል፤ ስለዚህ ትከሻ የመንካት ምልክት ከመጀመሩ በፊት ተስማሙ። ከዚያ መነጽሩን ራሱ ያውልቀው፣ አንቺ አትንጠቂው። እግሩ ወለል ይንካ፣ ውኃ ይጠጣ፣ ቁጥሩን ይንገርሽ። ከ4 በታች ሳይወርድ ወደ ክፍል አትስደጂው። የቀሩትን ረዳትሽ ይዞ በወረቀት ይቀጥል፤ በዚያ ቀን ያንን ትዕይንት ለሌላ ልጅ አትክፈቺው።