የጋራ ፕሮፖዛላችን፦ ቤታቸው ውስጥ ጥቃት ያለባቸውን ልጆች ምን ብለን እንጠይቃቸው?

የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያ፣ ደሴ፦
ሰላም ለሁላችሁም። ረቂቁን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በጀቱ ላይ ሐሳብ የለኝም። የከበደኝ የልጆቹ መጠይቅ ነው። ከላይ እስከ ታች "ማን መታ? ስንት ጊዜ? በምን?" ብቻ ነው።

እስቲ አንድ የ10 ዓመት ልጅ እናስብ። አባቱ አምሽቶ ሲገባ ሌሊቱ እንዴት እንደሚሆን ከእግሩ ኮቴ ያውቃል። ጩኸት ሲጀመር ታናሽ እህቱን አዝሎ በጓሮ በኩል ጎረቤት ይገባል። ጠዋት ክፍል ውስጥ ያንቀላፋል። በእኛ ፎርም ይህ ልጅ "ዝምተኛ፣ ትኩረት የሌለው" ተብሎ ያልፋል። አደጋን ቀድሞ ማወቁ፣ ደህና ቤት መምረጡ፣ ለእህቱ መድረሱ የትም አይጻፍም። እኔ ይህን ማለፍ አልችልም።

"ያን ጊዜ ምን ታደርጋለህ? ማን ጋ ትሄዳለህ? ምን ያረጋጋሃል?" የሚሉት ይግቡልን። የደህንነት ዕቅዱም ከመልሱ ይነሳ። ጎረቤቲቱን እናነጋግር፤ ማታ በራቸውን ሊከፍቱለት ፈቃደኛ ከሆኑ ዕቅዱ ውስጥ ይግቡ።

ነርስ፣ ደሴ (ቧንቧ ውሃ ሰፈር)፦
እስማማለሁ እህቴ፤ ግን አንድ ነገር ያስፈራኛል። "ጎበዝ፣ እህትህን አዳንክ" ስንለው ሸክሙን እንዳናጸድቅበት። እህቱን መጠበቅ የእሱ ሥራ አይደለም። "ጥፋቱ ያንተ አይደለም፣ ይህን ማስቆም የትልልቆች ሥራ ነው" የሚለው ቃል በቃል ይጻፍ። ከሁሉም በፊት ደግሞ "ዛሬ የት ታድራለህ?" ይጠየቅ። አደጋው ገና ካለ ጥንካሬውን ቁጭ ብለን የምናወራበት ጊዜ የለም።

ለትንንሾቹ ወረቀትና ከለር ይያዝ። ኒውዚላንድ ውስጥ የተጀመረ የሦስት ቤቶች ሥዕል አለ፤ የስጋት ቤት፣ የመልካም ነገር ቤት፣ የምኞት ቤት። አፍ አውጥቶ መናገር ያቃተው ልጅ ይስላል።

መምህር፣ ኮምቦልቻ፦
የቅሬ (የእድር) ሽማግሌዎቻችንም ሥልጠናው ውስጥ ይግቡ። ባልና ሚስት ሲጣሉ መጀመሪያ የሚጠሩት እነሱ ናቸው። ልጁን ግን አባቱ ፊት አቁመው "ምን አየህ?" እንዳይሉት አደራ። እርቅ ወረደ ማለት ልጁ ከአደጋ ወጣ ማለት አይደለም። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸም ጥቃትን፣ 576 ደግሞ ልጅን ማንገላታትን ይመለከታሉ። ሁለቱንም በቀላል አማርኛ አስረዳቸዋለሁ።

የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያ፣ ደሴ፦
አላህ ይስጥልኝ፣ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። መግቢያውን እንዲህ አስተካክዬዋለሁ፦ "መጀመሪያ የልጁን የዛሬ ደህንነት እናረጋግጣለን። ቀጥሎ የደረሰበትን፣ ራሱን ያቆየበትን መንገድና የሚያምናቸውን ሰዎች ከራሱ አንደበት እንሰማለን። ሸክሙን ግን ከእሱ ላይ እናወርዳለን።"

የሥዕሉን ክፍል ነርሳችን፣ የሽማግሌዎቹን መምህሩ ይጻፉት። እስከ ዓርብ ላኩልኝ፤ ቅዳሜ ደሴ ተገናኝተን እናነበዋለን። ከኮምቦልቻ የምትመጡ፣ ሐረጎ ላይ ጉም ስለሚኖር በጊዜ ተነሱ።