ለመጀመሪያ ጊዜ ፓወር ልጨምርበት ምገዛው ስፖርት መኪና፣ ሚያታ፣ 350ዜድ፣ 335አይ ወይስ የተሰራ ኤስ14?

ማርሽ_ሦስት፦

ሰላም ለሁላችሁ። ለስራ ምመላለስባት መኪና አለችኝ፣ አሁን ግን ሁለተኛ ልገዛ ነው፣ ስፖርት መኪና፣ እየነዳሁ እየፈታሁ ቀስ በቀስ ጉልበት ምጨምርበት። ወር ሙሉ ተፈታቶ ቢቆም ችግር የለውም። ዘይት፣ ካንዴላ፣ የፍሬን ሸራ፣ ራዲያተር ምናምን ራሴ ነኝ ምቀይረው፣ ሞተር አውርጄ ግን አላውቅም፣ ይሄን ነገር ያሰብኩትም በዋናነት እሱን ለመማር ነው።

ምፈልገው የኋላ ጎማ የሚነዳ፣ ማንዋል ካምቢዮ፣ መጨረሻ ላይ ወደ 300 ፈረስ ቢደርስልኝ ደስ ይለኛል። እስካሁን ሃሳቤ ያረፈው የማዝዳ ሚያታ 1.8፣ የኒሳን 350ዜድ፣ የቢኤምደብሊው 335አይ ላይ ነው፣ ከነዚህ ሌላ ደግሞ አንድ ቀድሞ የተሰራ ኒሳን ኤስ14 አግኝቻለሁ፣ ኤስአር20 ሞተር ላይ ትልቅ ቱርቦ (አየር በግፊት ወደ ሞተሩ የሚሞላ) ገብቶለታል፣ ባለቤቱ 400 ፈረስ አለው ይላል። እውነቱን ለመናገር ልቤን የወሰደው ይሄኛው ነው ምክንያቱም ስራው አልቋል፣ ከዜሮ ከመጀመር አይሻልም? ወይስ ያልተነካካ ገዝቼ ራሴ ልስራው? ልምዱ ያላችሁ እስቲ አስረዱኝ፣ የመኪና ስም ብቻ ጠርታችሁ አትለፉኝ ለምን እንደሆነም ንገሩኝ።

ቴስታታ፦

ሰላም ወንድሜ። 300 ምትለውን ቁጥር ለጊዜው ተወውና ክብደት እንይ፣ ምክንያቱም ስትነዳ ምትሰማው የፈረሱን ብዛት ብቻ አይደለም፣ እያንዳንዱ ፈረስ ስንት ኪሎ እንደሚጎትት ጭምር ነው። 350ዜድ በፈረንጆቹ 2002 ሲወጣ 287 ፈረስ ነበረው፣ ግን ክብደቱ ወደ 1500 ኪሎ ይጠጋል፣ ለአንድ ፈረስ 5 ኪሎ ከምናምን ደረሰው ማለት ነው። ሚያታ ደግሞ 1000 ኪሎ አካባቢ ናት፣ 200 ፈረስ ብታወጣላት ለአንድ ፈረስ 5 ኪሎ። ስለዚ ባለ 200ዋ ሚያታ ካልተነካ 350ዜድ አትተናነስም፣ በዛ ላይ ፍሬኑም ጎማውም ፍሪሲዮኑም የሚሸከሙት ትንሽ ስለሆነ ቶሎ አያልቁም። ለጀማሪ ይሄ ትልቅ ነገር ነው፣ ስትማር ደጋግመህ ነው ምትገዛው።

1.8 ማለትህ ደግሞ በጣም ጥሩ ነው። 1989 ላይ የወጣችው የመጀመሪያዋ 1.6 ነበረች፣ ዲፈረንሻሏ ትንሽ ነው ቱርቦ ሲገባ አይችልም፣ ሰው የ1.8ቱን ዲፈረንሻል ከነካርዳኑ ከነአክስሉ አምጥቶ ነው ሚተካላት። በዛ ላይ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሞተር ላይ የክራንክሻፍቱ የፊት ጫፍ፣ ፑሊው የሚታሰርበት ማለት ነው፣ አጭር ስለሆነ ከጊዜ በኋላ ሊላላ ይችላል። 1.8ቱ ላይ ይሄ ሁሉ የለም።

አሁን ዋናው ነጥብ። ሚያታ ላይ ቱርቦ ስትጨምር መጀመሪያ እጅ የሚሰጠው ቢኤላው ነው፣ ፒስተኑን ከክራንክሻፍቱ የሚያገናኘው ዘንግ ማለት ነው። ከፈረሱ በላይ የሚገድለው ቶርኩ (የመጠምዘዝ ጉልበቱ) ነው፣ ትንሽ ቱርቦ ገብቶ ገና በዝቅተኛ አርፒኤም ቡስቱ (ቱርቦው የሚጨምረው የአየር ግፊት) ድንገት ሲሞላ ያ ሁሉ ግፊት ቢኤላው ላይ ያርፍና ያጎብጠዋል። ለዚህ ነው ብዙ ሰው የሞተሩን ውስጥ ሳይነካ ጎማ ላይ ሲለካ 200 ምናምን ፈረስ ሲደርስ የሚያቆመው፣ ከዛ በላይ ከሆነ ፎርጅድ (ተቀጥቅጦ የተሰራ ጠንካራ) ቢኤላ አስገብተህ ነው። እና አንተ ሞተር ማውረድ ልማር ብለሃል አይደል፣ መጀመሪያ ባለበት 200ውን አውጥተህ ትነዳለህ፣ ነድተህ ስትጠግብ አውርደህ ቢኤላውን ትቀይርና ወደ 300 ትሄዳለህ። ሞተሩና ካምቢዮው ተያይዘው በላይ በኩል ይወጣሉ፣ ቦታው ሰፊ ነው እጅህ ይገባል፣ ይሄን 335አይ ላይ አታገኘውም።

ጣሪያዋ ግን ጨርቅ ስለሆነ ፈረስ ከመጨመርህ በፊት ሮል ባር (ብትገለበጥ ጭንቅላትህን የሚጠብቅ ብረት) አስገባ።

ንፋስ_በግድ፦

ክብደቱ ላይ ከቴስታታ ጋር እስማማለሁ፣ የቀረው ላይ ግን አልስማማም። የመጀመሪያ ፕሮጀክት ከሆነ ከፋብሪካ ቱርቦ ይዞ የወጣ ግዛ ነው ምለው። ቱርቦ የሌለው ሞተር ላይ ቱርቦ ልጨምር ስትል ሰው ሁሉ የሚያስበው ቱርቦውን ነው፣ ግን እኮ ማኒፎልድ አለ፣ ዘይት የሚያመጣና የሚመልስ ቧንቧ አለ፣ ኢንተርኩለር (የተጨመቀውን አየር ማቀዝቀዣ) አለ፣ ትልቅ ኢንጀክተር፣ ትልቅ የነዳጅ ፓምፕ፣ ፕሮግራም የሚደረግ ኢሲዩ (የሞተሩ ኮምፒውተር)፣ ጠንካራ ፍሪሲዮን፣ አዲስ ማርሚታ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ዳይኖ (የፈረስ ጉልበት መለኪያ ማሽን) ላይ ወጥቶ ቲዩን፣ ኢሲዩውን ማስተካከል ማለት ነው። ኪቱን በገዛህበት ዋጋ ስራው የሚያልቅ ይመስልሃል፣ አያልቅም። ከፋብሪካ ቱርቦ ያለው ግን ፒስተኑም ማቀዝቀዣውም ነዳጁም ለቡስት ታስቦ ነው የተሰራው፣ ሶፍትዌሩን ብቻ ቀይረህ ትልቅ ለውጥ ታገኛለህ።

ይሄን ምልህ ለምንድነው፣ ግፊቱን ስናየው የአየር ግፊት በተፈጥሮው 1 ባር አካባቢ ነው፣ አንተ 1 ባር ቡስት ጨመርክ ማለት ሞተሩ ሊያገኘው የሚችለውን አየር እጥፍ ልታደርገው ነው ማለት ነው። አየር ሲጨመቅ ደግሞ ይግላል፣ የጋለ አየር ውስጥ ያለ ነዳጅ ካንዴላው ያስነሳው እሳት ሳይደርስበት በራሱ ይፈነዳል፣ ኖክ የሚባለው እሱ ነው፣ ፒስተን የሚበላውም እሱ ነው። ቱርቦ የሌላቸው ሞተሮች ኮምፕሬሽናቸው (ሲሊንደር ውስጥ አየሩን የሚጨምቁበት መጠን) ከፍ ያለ ስለሆነ እዚህ ጋ ቶሎ ይደርሳሉ። ለምሳሌ 2012 የወጣው ቶዮታ ጂቲ86 ኮምፕሬሽኑ 12.5 ለ 1 ነው፣ በጣም ደስ የሚል መኪና ነው፣ ግን ቡስት ልጨምር ካልክ በጣም ጥንቃቄ ይፈልጋል። እሱ ላይ ሄደር (ከሞተሩ ጭስ የሚያወጣ ቧንቧ) እና ጥሩ ቲዩን አስገብተህ መሃል አርፒኤም ላይ ያለችውን የቶርክ ጉድጓድ መድፈን ነው ሚያዋጣው።

350ዜድም እንደዛው። ኤርፊልተር፣ ማርሚታ፣ ቲዩን ብታደርግለት ምታገኘው ትንሽ ነው፣ ፋብሪካው አብዛኛውን አውጥቶታል። እንደ መኪና ግን ወደድኩት ካልክ ግዛው፣ መንገድ አያያዙ ቆንጆ ነው።

እኔ 335አይ እልሃለሁ፣ ኤን54 ሞተር ያለውን። 3.0 ሊትር፣ ስድስት ሲሊንደር፣ ሁለት ቱርቦ፣ ከፋብሪካ 306 ፈረስ። 300 ነበር ምትፈልገው፣ እሱ ከዛ ነው ሚጀምረው፣ በሶፍትዌር ብቻ ደግሞ ከ50 ፈረስ በላይ ይጨምራል። ጉዱንም ግን ልንገርህ ተደብቆ አይቀርም፣ የከፍተኛ ግፊት ነዳጅ ፓምፑ በችግር የታወቀ ነው፣ ኢንጀክተሮቹም ውድ ናቸው፣ የቱርቦው ዌስትጌት (ግፊቱን የሚቆጣጠረው በር) ሲያረጅ ይንጫጫል፣ ውሃ ፓምፑ በኤሌክትሪክ ነው ሚሰራው ሲሞት ሳያስጠነቅቅ ነው፣ ነዳጁ በቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ ስለሚረጭ ቫልቮቹ በስተጀርባ ካርቦን ይጠራቀምባቸዋል በየጊዜው መጠረግ አለበት። ስለዚ መኪናውን በገንዘብህ ሁሉ እንዳትገዛው፣ ለነዚህ ግማሹን አስቀርተህ ነው።

ጥቁር_ዘይት፦

ዋናው ጥያቄህ ኤስ14ቱ ነበር ማንም አልነካልህም እና እኔ ልንካው። በደንብ የተሰራ መኪና መግዛት ጥሩ ነገር ነው፣ ለመስራት ከወጣው ገንዘብ በጣም ባነሰ ነው ሚሸጠው። ችግሩ በደንብ የተሰራው የትኛው እንደሆነ ማወቅ ነው። 400 ፈረስ አለው ያለህን ሰውዬ የዳይኖ ወረቀት ጠይቀው። ወረቀቱ ላይ የፈረሱን ቁጥር ብቻ አትይ፣ የአየርና የነዳጅ ሬሾውን መስመር እየው፣ ቡስት ሲበዛ ወደ 11.5 እና 12 መሃል ላይ ሆኖ መሄድ አለበት፣ ላይኛው አርፒኤም ላይ ወደ 13 እና 14 እየወጣ ከሄደ ነዳጅ አንሶታል ማለት ነው፣ እንደዛ የተነዳ ሞተር ውስጡ ምን እንደሆነ ማንም አያውቅም። ከዛ ኢንጀክተሩ ስንት ሲሲ ነው፣ ፓምፑ ምንድነው፣ ኢሲዩው የምንድነው፣ ማን ነው ቲዩን ያደረገው፣ ፋይሉ አለ ወይ በለው። የፋብሪካው ኤስአር20 ቱርቦ 220 ፈረስ አካባቢ ነው የሚያወጣው፣ ኢንጀክተሩም ለዛ ነው የተመጠነው፣ ስለዚ 400 እያለህ ኢንጀክተሩ የፋብሪካው ከሆነ ቁጥሩ ትክክል አይደለም ወይም ሞተሩ ነዳጅ እያነሰው ነው ሚሰራው። እነዚህን ቆጥሮ ካልመለሰልህ ስለራሱ መኪና አያውቅም ማለት ነው፣ ተወው።

ልታየው ስትሄድ ደግሞ ሞተሩን አሙቆ እንዳይጠብቅህ ንገረው፣ ቀዝቃዛ ሆኖ ሲነሳ ነው ጭሱም ድምፁም የሚታወቀው። ሰማያዊ ጭስ ዘይት ነው፣ የቱርቦው ዘይት መያዣ ("ሲል" የሚባለው) ወይም የፒስተን ፋሻ ሊሆን ይችላል። ነጭ ሆኖ የማይጠፋ ከሆነ ውሃ ነው፣ የሞተሩ ቴስታታ (የላይኛው ክዳን) ጋስኬት። ሽቦውን እየው፣ በፕላስተር የተጠቀለለ ሽቦ በየቦታው ካየህ እኔ ብሆን እዛው ነው ምመለሰው፣ የሞተር ችግር ይገኛል ይሰራል፣ የሽቦ ችግር ግን ዝናብ ሲዘንብ ይመጣል ፀሐይ ሲወጣ ይጠፋል እድሜህን ይጨርሰዋል። ዲፈረንሻሉ ተበይዶ እንደሆነም ጠይቅ፣ ለድሪፍት የተሰራ ከሆነ ብዙ ጊዜ ይበየዳል፣ በዝግታ መሪ ስታዞር የኋላ ጎማው እየተንጨረጨረ ከዘለለ እሱ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር ወንድሞቼ ስላላነሱት። የትኛውንም ግዛ፣ መጀመሪያ የምትጨርሰው ፍሬን፣ ጎማ፣ ማቀዝቀዣና ቡሽ (የእግሮቹ መገጣጠሚያ ጎማዎች) ይሁን። ፍጥነትህ እጥፍ ሲሆን ፍሬኑ የሚያጠፋው ሃይል አራት እጥፍ ነው ሚሆነው። የፍሬን ዘይት ተቀይሮ፣ ጥሩ ሸራ ገብቶ፣ አዲስ ጎማ ታስሮ አንድ ሁለት ወር ንዳው ከዛ ሞተሩን ንካ። ያኔ መኪናውን ስለምታውቀው አዲስ ድምፅ ሲመጣ ትሰማዋለህ፣ በገዛህ ሳምንት ቱርቦ ካስገባህ ግን ድምፁ ከድሮው ይሁን ከአዲሱ ስራ መለየት አትችልም።

ቴስታታ፦

ጥቁር ዘይት ያለችው ላይ ምንም ምጨምረው የለኝም፣ የአየርና ነዳጅ ሬሾ ያነሳችውን ግን ያዝ፣ ዋይድባንድ ጌጅ (ሬሾውን የሚያሳይህ መለኪያ) ከቱርቦው በፊት ግዛ። ንፋስ በግድ፣ ኤን54 ጥሩ ሞተር ነው አልጣላህም፣ ግን ልጁ መማር ነው ሚፈልገው፣ እዛ ቦኔት ውስጥ እጅ አይገባም፣ አንዱን ቱርቦ ለማውጣት ስንት ነገር ነው ምትፈታው፣ በዛ ላይ ስህተት ኮድ በወጣ ቁጥር ኮምፒውተር ይዘህ ነው።

ንፋስ_በግድ፦

ልክ ነህ፣ ቱርቦ ማውጣቱ ከባድ ነው። ኮዱን ማንበብ ግን እሱም ትምህርት ነው፣ ሎግ (ኮምፒውተሩ የመዘገበውን ቁጥር) ማየት ያልቻለ ሰው ቡስት ባይጨምር ይሻላል ባይ ነኝ፣ በሚያታም ቢሆን።

ማርሽ_ሦስት፦

እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም፣ እንደዚህ ታስረዱኛላችሁ ብዬ አልጠበቅኩም። ጥቁር ዘይት እህቴ፣ ሰውዬውን ደውዬ ያልሽውን አንድ በአንድ ጠየቅኩት፣ የዳይኖ ወረቀት የለውም፣ ቲዩኑን ከሱ በፊት የነበረው ባለቤት ነው ያስደረገው፣ ኢንጀክተሩን አላውቅም አለኝ። ስለዚ እሱን ትቼዋለሁ። ቴስታታ ስለ ቢኤላውና በሁለት ደረጃ ስለመሄድ ያልከው በጣም ገብቶኛል፣ አሁን ያልተነካካች 1.8 ሚያታ አግኝቻለሁ ልትታይ ትችላለች ተብያለሁ። ከመግዛቴ በፊት ሞተሩ ለቱርቦ የሚሆን ጤና እንዳለው በምን ላረጋግጥ? ኮምፕሬሽን ቴስት ሲባል እሰማለሁ አድርጌ ግን አላውቅም።

ጥቁር_ዘይት፦

ጎሽ፣ ተሻለህ። ኮምፕሬሽን ቴስት ቀላል ነው ራስህ ታደርገዋለህ፣ ባለቤቱ አይሆንም ካለ ግን ለመኪናው ፈርቶ ከሆነ ሌላ ነገር፣ ካልሆነ የሚደብቀው አለ። ሞተሩን በደንብ አሙቅ፣ ከዛ አራቱንም ካንዴላ አውጣ፣ አንዱን ብቻ እያወጣህ አይደለም፣ አራቱም ሲወጡ ነው ሞተሩ እኩል ፍጥነት የሚዞረው። ነዳጁንና የካንዴላውን ኤሌክትሪክ ንቀል። ጌጁን አንዱ ሲሊንደር ላይ እሰር፣ ሌላ ሰው ነዳጅ መስጫውን እስከ ታች ረግጦ ይያዝልህ፣ ይሄን ብዙ ሰው ይረሳዋል፣ ካልተረገጠ አየር አይገባም ቁጥሩ ዝቅ ይልብሃል። መርፌው መውጣት እስኪያቆም በሞተሪኖው አዙረው፣ ፃፍ፣ ወደሚቀጥለው ሂድ። ባትሪው ደካማ ከሆነ የመጨረሻዎቹ ሲሊንደሮች ያለጥፋታቸው ዝቅ ብለው ስለሚያሳዩህ ሙሉ ባትሪ ይዘህ ሂድ።

ከቁጥሩ ትልቅነት ይልቅ እርስ በርስ መቀራረባቸውን እይ፣ ትልቁና ትንሹ መሃል ያለው ልዩነት ከ10 በመቶ ካለፈ እኔ ቱርቦ አላስገባበትም። አንዱ ዝቅ ካለ እዛ ሲሊንደር ውስጥ ትንሽ የሞተር ዘይት ጠብ አድርግና ድገመው፣ ቁጥሩ ከጨመረ ፋሻው ነው ያለቀው፣ ካልጨመረ ቫልቭ ወይ ጋስኬት ነው። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች አብረው ዝቅ ካሉ ደግሞ መሃላቸው ያለው ጋስኬት ተበልቷል።

ዝገቱንም እየው፣ ከኋላ ጎማ ፊት ያለው የጎን ብረት ከታች በኩል። አዲስ ቀለም ከተቀባ በማግኔት ሞክረው፣ ማግኔቱ የማይዝ ከሆነ ስር ያለው ብረት ሳይሆን ስቱኮ ነው።

ማርሽ_ሦስት፦

ጌጁን ዛሬ አዝዣለሁ። ቁጥሮቹን አምጥቼ እዚሁ እፅፋለሁ።